አንጀት የቀሰቀሰ ሽኝት

ሆሳዕና ላይ «የጵርስቅላ ቤት የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው ግንባሩን ቋጥሮ ያያችኋል። «የሆሴዕ እናት ቤትስ?» ካላችሁ ግን ባጃጅ ነጂው ራሱ «ዩኒፎርም ሰፊዋ? ያቺ ጠያቂዋ?» ብሎ በር ድረስ ያደርሳችኋል፤ መንገድ ላይም እናቱ የታመመች ጊዜ እንዴት እንደጠየቀቻቸው ሳይነግራችሁ አይለቃችሁም። እኔ አጥር የምጋራት ጎረቤቷ ነኝ። ስለ እሷ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ብቻዬን እየሳቅሁ ወጥ ማሳረር አብዝቻለሁ። ይረር። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ሆኖላችሁ ዝም ማለትም ኃጢአት ነው።

ትውልዷ ከወደ ሀደሮ ነው፤ ከምባታ ናት። ለጋሽ ኤሊያስ ተድራ ሆሳዕና ስትገባ ሀዲይኛ አንድ ቃል አታውቅም ነበር። ጋሽ ኤሊያስ ያን ጊዜ አስተማሪ ነበሩ፣ ዛሬ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሠራሉ፤ ያን ጊዜም ዛሬም ዝምተኛ ናቸው። ስለዚህ ሙሽራይቱ ቋንቋ የምትለምድበት ሰው ቤት ውስጥ አላገኘችም። የት ለመደች? ታማሚ አልጋ እግርጌ። «እገሌ ታመመ» ሲባል ነጠላዋን ታጣፋና ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ታማሚው ሕመሙን ሲዘረዝር ታዳምጣለች። ሕመሙን የሚያወራ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ይደጋግመዋል። በዚያ ድግግሞሽ ሀዲይኛውን አጣርታ ቻለችው። እስከ ዛሬም ስለ ቁርጥማትና ስለ ጨጓራ ስትናገር ነው አፏ ይበልጥ የሚፈታው።

የጠየቀችውን ሰው ተናግሬ አልጨርስም። ጴንጤውን ትጠይቃለች፣ ኦርቶዶክሱን ትጠይቃለች፤ ጨርቅ የምትገዛባት ባለሱቋ ሃቢባ በኦፕራሲዮን የወለደች ጊዜም ከእህቶቿ ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት። አጠያየቋም የራሷ ነው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጭ ትስበዋለች፣ ጠርዙን እንደ ሱሪ እግር ታጥፈዋለች፣ ከዚያ «ተኛ» ትላለች። ታማሚው ለመቀመጥ የሞከረ እንደሆነ በሁለት ጣቷ ደረቱን ገፋ አድርጋ መልሳ ታስተኛዋለች። በእሷ ቤት የታመመ ሰው ሊቆረጥ እንደተዘረጋ ጨርቅ ዝርግት ብሎ መተኛት አለበት።

ይሄ የእሷ ብቻ አይደለም፣ የአገሩም ነው። እኛ ጋ ታማሚ ተኝቶ ይጠየቃል። ከጃጁራ ወይ ከአዲሎ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ የመጣ ጠያቂ ታማሚውን ቆሞ ካገኘው ይደነግጣል። ደስ ቢለውም ያፍራል። «ደህና ነው እኮ» ብሎ የሚሆነውን ያጣል። ስለዚህ የተሻለው ሰው እንኳ የጠያቂ ድምፅ ከበር ሲሰማ ቶሎ ብሎ ይሸፈናል፣ ድምፁንም ትንሽ ያቀጥነዋል። ማታለል አይደለም። ጠያቂን ማክበር ነው።

ታዲያ ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ የሰፈሩ ልጅ ዩኒፎርም ሁሉ ቤቷ ተከምሮ ሳለ፣ ጠያቂዋ ራሷ ወደቀች።

ከብዙ ዓመት በፊት ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ኦፕራሲዮን ሆና ነበር። ያኔ ልክ እንደ አራስ በር ተዘግቶባት፣ ቅቤ የተንሳፈፈበት ቡላ እየቀረበላት፣ ጠያቂ እየገባ ጠያቂ እየወጣ፣ ተኝታ ሰነበተች። ድና ተነሣች። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ሆዷን ቆረጥ ሲያደርጋት «ብርድ ነው» እያለች ታልፈው ነበር። በዚያ ክረምት ግን ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። የበላችው ሁሉ በመጣበት ተመለሰ፤ በታች በኩል ንፋስ እንኳ አልወጣ አለ። ጎረቤት «ፌጦ ስጧት» «ጤና አዳም ቀቅሉላት» ሲል ጋሽ ኤሊያስ ማንንም ሳይሰሙ ባጃጅ ጠርተው መጡ። ሆስፒታል አደረስናት። ራጅ ተነሣች፣ አንጀቷ ታንቋል ተባለ፣ ያንኑ ቀን ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። እኔ አስታማሚ ሆኜ ቀረሁ።

የሠራላት ሐኪም ዶክተር መሐመድአሚን ይባላል። ልጅ ነው፤ ጢሙ እንኳ ገና በቅጡ አልሞላም። ግን እጁ የረጋ ነው፣ አነጋገሩም የረጋ ነው። በማግስቱ ነፍሷን ስታውቅ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አላት።

ልብስ እሰፋለሁ አለችው። ገበር ያለው ኮት ሰፍታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። ለግማሹ የሆሳዕና ሽማግሌ የሰፋሁት እኔ ነኝ አለችው፤ በዚያ በደከመ ድምፅም ትንሽ ኮራ ብላ ነበር።

«ገበሩ ሳያውቁት ከላይኛው ጨርቅ ጋር በመርፌ ቢያዝስ?»

«ይጨማደዳላ። እጅ ስታስገባ ይይዝሃል።»

«የእርስዎም እንደዚያ ነው የሆነው» አለና አስረዳት። አንጀት ሆድ ውስጥ እንደ ገበር ልቅ ሆኖ መንሸራተት አለበት። የድሮው ቁስል ሲድን ከውስጥ የሠራው ጠባሳ አንጀትን ከአንጀት፣ አንጀትን ከሆድ ግድግዳ አጣብቆታል፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እንደ ክር ጠንክሮ አንቆታል።

ጵርስቅላ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ አሰበች። «ታዲያ ተረተርከው?»

«ተረተርኩት።»

«ጨርቁን ሳትቀድ?»

ሐኪሙ ሳቀ። «ሳልቀድ።»

ቀጥላ የጠየቀችው ግን አላሳቀውም። ተመልሶ ቢሰፋስ አለችው። እሱም አልሸሸም። በሐኪም በኩል የሚደረገው ተደርጓል አላት፤ አንጀት መጎተትና መድረቅ ስለማይወድ በቀስታ ነክቶ፣ በረጠበ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ደሙን አጥቦ፣ ከጓንት የሚራገፍ ዱቄት እንኳ ውስጥ እንዳይቀር ተጠንቅቆ ነው የሠራው። ሆዱ የተከፈተ ሰው ግን አብዛኛው ትንሽም ቢሆን ከውስጥ ይጣበቅበታል፤ ብዙዎቹ ሳያውቁት ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። «አይመለስም ብዬ ብምልልዎ እዋሻለሁ» አላት። «በተከፈተ ቁጥር ግን የመጣበቁ ነገር ይብሳል። ስለዚህ ሦስተኛ ጊዜ ባንከፍትዎ ነው የምፈልገው።»

ያኔ ቅቤ እየበላሁ ስለተኛሁ ነው ወይ የመጣብኝ አለችው። አይደለም፣ ራስዎን አይክሰሱ፣ በማንም ላይ የሚደርስ ነው አላት። አሁን ግን የእርስዎ ድርሻ መነሣት ነው ብሎ ቀጠለ። ኦፕራሲዮን የሆነ አንጀት ያንቀላፋል፤ ሰውየው ተነሥቶ ሲራመድ እሱም ይነቃቃል። መንቃቱም የሚታወቀው ጋዝ ሲወጣ ነው። ያ እስኪሆን ምግብ የለም።

ይሄን ሁሉ እሷ በጥሞና ሰማች። እንዲህ ያለ ታማሚ ለሐኪም በረከት ነው ብዬ በልቤ አመሰገንኩ። ቸኩዬ ነበር።

ነርሷ ሲስተር ሱምያ ያንኑ ቀን ደግፋ አስነሣቻት። ጵርስቅላ ቁስሏ ላይ ትራስ አቅፋ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ አንድ እግር ከአንድ እግር እያስቀደመች እስከ ክፍሉ በር ደረሰች። እዚያ ቀና ስትል በኮሪደሩ ጫፍ ነጭ በነጭ ለብሰው የሚመጡትን የመዘምራን እናቶች አየች። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ዞረች። በሄደችበት እጥፍ ፍጥነት ተመለሰች፣ አልጋዋ ላይ ወጣች፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች፣ ድምፅዋን አቀጠነች።

«ማዘር፣ ሲመለሱ እኮ ሮጡ» አለቻት ሱምያ።

«አልሮጥኩም። ሰው መጣ።»

ከዚያ በኋላ ሰው መምጣቱን መቼ አቆመ? ያን ሁሉ ዘመን የጠየቀችው አገር ብድሩን ሊመልስ ተሰልፎ መጣ። ከሀደሮ ወንድሞቿ፣ ከጃጁራ የባሏ ዘመዶች፣ የዕድር ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ዩኒፎርም ያዘዙ እናቶች (እነዚህስ ዓይናቸው ሌላም ነገር ይጠይቅ ነበር)። እያንዳንዱ ይጸልያል። ተራው የደረሰ ሁሉ ካለፈው ማሳጠር ነውር ይመስለዋል። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ተሸፍና፣ «አሜን» ትላለች። አንዱ ሲወጣ እግሯን ወደ መሬት ልታወርድ ትልና ሌላው በሩን ይገፋል። የመጣው ቡላና እርጎ አፏ ስለማይገባ እኔና ክፍሉ ውስጥ ያሉት አስታማሚዎች በላነው። ፊት ለፊት የተኛችው እግሯ የተሰበረ ሴት ጉንጯ ሞላ።

ሐኪሙ በየጠዋቱ ይመጣል፣ ሆዷን ይዳስሳል፣ «ጋዝ ወጥቷል?» ይላታል። ይሄንንም በሰው ፊት ነው የሚላት። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች፣ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። አልወጣም። ሆዷም ቀስ በቀስ መነፋት ጀመረ፤ ማቅለሽለሹም ተመለሰ።

ሃቢባ አንድ ከሰዓት መጥታ ይሄን ሁሉ ከእኔ ሰማችና ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለች። «የሆሴዕ እናት፣ ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም ይባላል። አንቺ ግን ፈስ ሳይኖርሽ መራመድ አቃተሽ።»

ጵርስቅላ ትራሷን ቁስሏ ላይ ጭምቅ አድርጋ፣ እየሳቀችና እያመማት፣ «ውጪልኝ፣ ትገድይኛለሽ» አለቻት። ያን ቀን የሳቀችው ያችን ብቻ ነው።

በማግስቱ ሐኪሙ ጋሽ ኤሊያስንና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራን። ፊቱ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። አንጀቷ ካልነቃ ሆዷን የሚያስተነፍስ ቱቦ በአፍንጫ ማስገባት ሊኖር ነው፤ በዚያም ካልሆነ ምናልባት እንደገና ከፍቶ ማየት ይመጣል። እሱን አልፈልገውም አለ። «እባካችሁ አስነሡልኝ። እኔ ስነግራቸው እሺ ይሉኛል፣ ዞር ስል ተኝተው ነው የማገኛቸው።»

ጋሽ ኤሊያስ የዚያን ዕለት በር ላይ ቆመው ጠያቂ ሊመልሱ ተነሡ። የሰው ፊት ማየት የማይችሉ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ጠያቂ «ዛሬ ደክሟታል» አሉት። እሱም «ከአዲሎ ነው የመጣሁት» አላቸው። ጥቂት ቆይተው እሳቸው ከፊት፣ ጠያቂው ከኋላ፣ ከጠያቂው ኋላ ደግሞ ይሄ ከገባ እኛስ ያሉ አራት ሰዎች ተከትለው ገቡ። ጋሽ ኤሊያስ እኔን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም።

ክፍሉ ትንሽ ጋብ ሲልልን እኔው ራሴ ተቆጣኋት። ለምን አትነሺም አልኳት፤ ጠያቂ ቢያይሽ ምን ይልሻል፣ ተሻላት ይልሻል፣ ይበል። እጄን ያዘች።

«የሰሎሜ እናት፣ ጨርቅ አንዴ ሲተረተር ይሰፋል። ሁለቴም ይሰፋል። ሦስተኛ ጊዜ መርፌው የገባበት ቀዳዳ ከቀዳዳ ይገናኝና ጨርቁ ራሱ ይሄዳል። እሱን አውቃለሁ። እፈራለሁ።»

«እና ታዲያ?»

«ሰዉ ደክሞ መጥቶ፣ እኔ ኮሪደር ላይ ስንሸራሸር ይድረስብኝ?» አለችና እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። አያችሁ፣ ሞኝነት አልነበረም። ሞትን እየፈራች ነበር፤ ሰውን ማስቀየም ደግሞ ያንኑ ያህል ትፈራ ነበር። ሁለቱ ፍርሃት አልጋው ላይ ጠፍረው ያዟት። እኔም ቁጣዬ ከየት መጥቶ የት እንደገባ እንጃ፣ አብሬያት አለቀስኩ።

አባባ ኤርጫፎ የመጡት እንዲህ ተላቅሰን ዓይናችንን ሳንጠርግ ነው።

አባባ ኤርጫፎ የጋሽ ኤሊያስ አጎት ናቸው። የጋሽ ኤሊያስ አባት ካረፉ ወዲህ ለጵርስቅላ አማቷ ማለት እሳቸው ናቸው። ከጃጁራ፣ ጭቃውን በከዘራቸው እየተመረኮዙ፣ ያቺን ቡናማ ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡ። ጋሽ ኤሊያስ በር ላይ ተቀብለዋቸው ነገሩን አንድ በአንድ አጫውተዋቸው ኖሯል፤ በዓመት የማይናገሩትን ነው ያን ዕለት የተናገሩት። ስለ ጠባሳው ነገሯቸው፣ ስለ መነሣቱ ነገሯቸው። ስለ ጋዙ ሲደርሱ ግን ለአጎት የሚነገር ቃል አጥተው «ሆዷ ዝም ብሏል» ብለው አለፉት።

ሽማግሌው ሲገቡ ጵርስቅላ የምትሆነውን አጣች። ምራት ናት፤ አማት ሲገባ ትነሣለች። ታማሚ ናት፤ ጠያቂ ሲገባ ትተኛለች። በክርኗ ተደግፋ ከሁለቱ መካከል ቀረች። አባባ ኤርጫፎ ወንበር ተሰጣቸው፣ አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጸለዩ፤ ጸሎታቸው የታወቀ ረጅም ነው፣ ያን ቀን ግን ሳንዘጋጅለት «አሜን» አሉ። ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ በሩ ሄዱ። እዚያ ደርሰው ቆሙ፣ ዞሩ።

«ልጄ፣ አትሸኚኝም?»

እኛ ጋ እንግዳ ሳይሸኝ ከወጣ እንደተባረረ ነው። ያውም አማት። ጵርስቅላ ደግሞ እኝህን ሽማግሌ ከአጥሩ አልፋ፣ ከመንገዱ አልፋ፣ «ተመለሺ» እስኪሏት፣ ከዚያም አልፋ ሳትሸኝ የቀረችበትን ቀን አላስታውስም።

«አባባ፣ ታምሜ እኮ ነው።»

«አይቻለሁ። እኔ ግን ከኤሊያስ ቤት ሳልሸኝ ወጥቼ አላውቅም።»

ተነሣች። እንዴት እንደተነሣች ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ሱምያ ከመድረሷ በፊት እግሯ መሬት ነክቷል። እኔ የግሉኮሱን ከረጢት ከፍ አድርጌ ያዝኩላት፣ ሱምያ በብብቷ ገባች፣ ጋሽ ኤሊያስ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አደረጉላት። አባባ ኤርጫፎ ከፊት ቀስ እያሉ፣ እሷ ከኋላ ጎበጥ ብላ፣ ኮሪደሩን ተያያዝነው። ሁለት ጊዜ ቆማ ግድግዳ ተደገፈች። እሳቸውም ቆሙ፤ እንዳላዩ መስለው ማስታወቂያ አነበቡ። ማንበብ አይችሉም።

የኮሪደሩ መጨረሻ ስንደርስ «ተመለሺ» ይሉናል ብለን ስንጠብቅ ግንባራቸውን መታ አደረጉ።

«ባርኔጣዬን አልጋሽ ላይ ረሳሁ።»

ባርኔጣው ጭንቅላታቸው ላይ ነበር። ሁላችንም አየነው። ጵርስቅላ ቀና ብላ ባርኔጣውን አየችው፣ ከዚያ እሳቸውን አየቻቸው፣ የከንፈሯ ጫፍ ተንቀጠቀጠ። «እንመለስና እንፈልገው፣ አባባ» አለች።

ተመለስን። ተፈለገ። አልተገኘም። ስለዚህ ሽኝቱ እንደ አዲስ ተጀመረ።

እዚያ የነበረው ጠያቂ ሁሉ ነገሩ ገባው። ሃቢባ ገና እየገባች ነበር፤ ምን እየሆነ እንደሆነ በጆሮዋ ስነግራት ሳትቀመጥ «እኔም ልሄድ ነው፣ የሚሸኘኝ የለም?» አለች። ጵርስቅላ ትንሽ አርፋ እሷንም ሸኘች። ቀጥለው የመዘምራን እናቶች አንድ ላይ መሸኘት አልወደዱም፤ ተራ በተራ ካልሆነ አሉ። ከአዲሎ የመጣው ሰውዬ ሚኒባስ ያመልጠኛል ሲል ነበር፤ እሱም ሁለት ጊዜ ተሸኝቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ጸሎቱም ኮሪደር ላይ፣ እየተራመዱ፣ ዓይን ሳይጨፈን ሆነ፤ ቢጨፈን ግድግዳ ነው። የሚገርመው ጸሎቱ በዚያው አጠረ። ጵርስቅላ ላቧ በግንባሯ እየወረደ፣ ትራሷን አቅፋ፣ እንግዳ የሸኘች ባለቤት ፊት ነበራት፤ የታማሚ ፊት አልነበረም። በኮሪደሩ ሲያልፍ ሐኪሙ ቆም ብሎ አያት፣ ግድግዳውን ይዞ መንገድ ለቀቀ።

ጋዙ ግን ያን ቀን አልወጣም። ማታ ከፋኝ፣ ለእሷ አልነገርኳትም።

አባባ ኤርጫፎ ጋሽ ኤሊያስ ቤት አድረው ጠዋት መጡ። አሁን እውነተኛው መሄዴ ነው አሉ፣ የጃጁራ መኪና እየጠበቀኝ ነው አሉ። ጵርስቅላ ሳትጠየቅ እግሯን አወረደች። ከትናንቱ ይልቅ ቀና ብላ ሄደች። ኮሪደሩን ጨርሰን፣ ደረጃውን አልፈን፣ ግቢው ውስጥ ያለችው ግራር ሥር ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። እጄን አጥብቃ ጨመቀችው። ዓይኗ ፈጠጠ። ያመማት መስሎኝ ልጮህ ስል ነው የሰማሁት።

እንዴት ልበላችሁ። ዚፕ ቀስ ተብሎ ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበር። ትንሽ ነበር፣ ግን ጠዋት ነው፣ ግቢውም ጸጥ ብሏል፤ ሽማግሌው ደግሞ ከፊታችን ሁለት ክንድ አይርቁም። በአማት ፊት! ጵርስቅላ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ፤ መሬት ብትከፈትላት ትገባ ነበር። ጋሽ ኤሊያስ ሰማይ አዩ። እኔ እልልታዬ ሊያመልጠኝ ሲል ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ።

አባባ ኤርጫፎ አልዞሩም። ጀርባቸውን እንደሰጡን ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«እንግዲህ ተሸኘሁ» አሉ።

ወደ በሩ ቀጥ ብለው ሄዱ። አንዴም ዞረው አላዩንም፤ ትከሻቸው ግን እየሳቀ ነበር፤ ከኋላ ያስታውቃል።

ዶክተር መሐመድአሚን ሲመጣ ማንም እስኪጠይቃት አልጠበቀችም። ነጠላዋንም ፊቷ ላይ አልሳበችም። «ወጣ» አለችው፣ አራት ሰው እየሰማት። እሱም አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና የልብ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ እያዘዋወረ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ፈገግ አለ። ጠዋቱን ቀጠን ያለ ሾርባ ትቅመስ አለ። ወደፊት ሆድሽ ተነፍቶ፣ የበላሽው ተመልሶ፣ ንፋስ እንቢ ካለ ቤት ውስጥ ቡላ ሳትቀምሺ፣ ፌጦ ሳትጠጪ በቀጥታ ወደዚህ ትመጫለሽ ብሎ አስማላት፤ ደስ ሲለው «አንቺ» ማለት እንደጀመረ ራሱም አላወቀው። ወደፊት ምን ይሆናል የሚለውን ዛሬም አልማለላትም፣ እሷም አላስማለችውም። ለጊዜው ሦስተኛው ስፌት ቀርቷል።

ሊነሣ ሲል ጋሽ ኤሊያስን አያቸው። አልጋው ራስጌ ቆመው የራሳቸውን ባርኔጣ በእጃቸው እያሽከረከሩ ነበር። ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣና ለእሳቸው ሰጣቸው።

ጋሽ ኤሊያስ ጎንበስ አሉ። ያቺን ክብ ነገር ሚስታቸው ሆድ ላይ እንደ እንቁላል በጥንቃቄ አስቀመጡ። ሰሙ። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁት። ሐኪሙ ሌላ አልጋ ይጠብቀዋል፣ እጁን ዘርግቷል፤ እሳቸው ግን አላዩትም።

«ምን ይላል?» አለቻቸው ጵርስቅላ።

ጋሽ ኤሊያስ ጣታቸውን አነሡ። «ቆይ» አሉ፤ «ገና እያወራ ነው።»